«ህመሙ ለቆኛል፣ ልጫወት?» እና ሌሎች የቁርጭምጭሚት ጥያቄዎች

ስለ ወለምታ ከሚጽፉልኝ አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ስንት ሳምንት ማረፍ እንዳለባቸው ነው። ቁርጭምጭሚት ግን ቀን ስለተቆጠረለት አይጠነክርም። ዛሬ የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ጥንካሬን ስለ መለካት የሆኑትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ኳስ ስጫወት ቀኝ እግሬ ወለም ካለኝ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። እብጠቱ ጠፍቷል፣ ስራመድም አያመኝም። ሜዳ ልግባ?

መልስ፦ ገና ነው፤ መጀመሪያ ይለኩት። ብዙ ጊዜ ህመም የሚለቀው ጥንካሬው ሳይመለስ ነው። ወለምታ ሲያጋጥም እግር ወደ ውስጥ ይታጠፍና በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ፣ አንዳንዴም ይበጠሳሉ። እግሩ እንደገና ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ስቦ የሚይዘው ከቅልጥም ውጭ በኩል የሚወርደው ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ በእረፍቱ ወቅት ይዳከማል። ለጥ ባለ መንገድ ሲራመዱ ድካሙ አይታወቅዎትም፤ የሚታወቀው ሮጠው ድንገት ሲታጠፉ ወይም ዘለው የሌላ ሰው እግር ላይ ሲያርፉ ነው። አንዴ ወለም ያለ እግር ደግሞ ዳግም ወለም የማለት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ መሣሪያ የለኝም። ቤቴ ሆኜ እንዴት ልለካ?

መልስ፦ የባትዎን ጥንካሬ ያለ ምንም መሣሪያ መለካት ይችላሉ። ጫማዎን አውልቀው ግድግዳ አጠገብ ይቁሙ። ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ብቻ የጣቶችዎን ጫፍ ግድግዳው ላይ ያሳርፉ፤ አይደገፉበት። መጀመሪያ በጤነኛው እግር ይቁሙና ጉልበትዎን ሳያጥፉ ተረከዝዎን እስከቻሉት ድረስ ያንሡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ያውርዱ። አንድ ሰከንድ ለመውጣት፣ አንድ ሰከንድ ለመውረድ ይበቃል። የመጀመሪያው ከፍታ የት እንደደረሰ ሰው እንዲያይልዎት ያድርጉ። ተረከዝዎ እዚያ መድረስ ሲያቅተው፣ ጉልበትዎ ሲታጠፍ ወይም ሰውነትዎ ወደ ግድግዳው ሲያዘነብል ቆጠራው እዚያው ያቆማል። ከዚያ በተጎዳው እግር ይድገሙት።

ጤነኛ ሰው 25 ጊዜ መሥራት አለበት የሚል ልማድ አለ። እኔ ይህን ቁጥር የሁሉም ሰው መለኪያ አላደርገውም፤ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ብዙ ጤነኞች አይደርሱበትም። ሁለቱን እግሮችዎን ያወዳድሩ። ጤነኛው 24 ጊዜ፣ የተጎዳው 15 ጊዜ ከሠራ የተጎዳው እግር ከመቶ 63 ገደማ ላይ ነው፤ ለመሮጥና ለመዝለል ገና ብዙ ይቀረዋል። ቁጥሩ እኩል ሆኖ እንኳ ተረከዝዎ ያን ያህል ከፍ ካላለ፣ ወይም ሲነሡ ክብደትዎ ወደ ትንሿ ጣት ጠርዝ የሚሸሽ ከሆነ ሥራው አላለቀም።

ይህ ፈተና የሚለካው ባትን ብቻ ነው። እግርን ከመታጠፍ የሚጠብቀውን የጎን ጡንቻ ለማወቅ የባለሙያ እጅና መሣሪያ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ፊዚዮቴራፒስቱ በእጅ በሚያዝ ዳይናሞሜትር (የጡንቻ ግፊት መለኪያ መሣሪያ) ሲለካኝ 18 ኪሎ ነበር። በሁለተኛው ቀጠሮ ሌላ ባለሙያ ለካኝና 24 ሆነ። እየጠነከርኩ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። መሣሪያው የሚያነበው እግርዎ ሲገፋው የሚያርፍበትን ኃይል ነው፤ ያ ኃይል ደግሞ መሣሪያው ከመገጣጠሚያው በራቀበት ርቀት ይወሰናል። 12 ሳንቲሜትር ርቆ 18 ኪሎ ያሳየ እግር፣ መሣሪያው ወደ 9 ሳንቲሜትር ቢጠጋ ምንም ሳይጠነክር 24 ኪሎ ያሳያል። የለኪው ክንድ ጉልበትም ውጤቱን ይነካዋል፦ ብርቱ እግር የለኪውን እጅ ከገፋው ቁጥሩ ይዛባል፤ መሣሪያውን በቀበቶ ማሰር የሚመከረው ለዚህ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያው ሰው፣ በያው አቀማመጥ፣ መሣሪያውን በያው ቦታ አድርጎ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንዲለካዎት ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ጥሩ ባለሙያም አይከፋውም።

ጥያቄ፦ የተጎዳው እግር የጤነኛውን 90 ከመቶ ሲደርስ ይበቃል ይባላል። የእኔ ግን ሁለቱም ተጎድተዋል።

መልስ፦ ጥሩ አስተውለዋል። 90 ከመቶ የሚሠራው የሚወዳደሩበት እግር ደህና ከሆነ ነው። አንዱ ብቻ ቢጎዳም፣ ወራት ያረፈ ሰው ጤነኛ እግሩም አብሮ ስለሚሰንፍ ሁለት ደካማ እግሮች እኩል ሆነው «መቶ ከመቶ» ሊባሉ ይችላሉ። እርስዎ ልኬቱን ከሰውነትዎ ክብደት ጋር ያነጻጽሩት፤ ከጉዳቱ በፊት የተለካ ቁጥር ካለዎት ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ልኬቷ ሁሉ ጥሩ ነው ተብሏል፣ ግን ዘላ ስታርፍ እግሯን ትሰስታለች። ልፍቀድላት?

መልስ፦ እናት ያየችው ነገር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የተለያዩ አገራት ባለሙያዎች ከወለምታ በኋላ ወደ ስፖርት ስለመመለስ ሲስማሙ ጥንካሬን ብቻውን አላስቀመጡትም። ህመም፣ የቁርጭምጭሚቱ ሁኔታ፣ ስፖርተኛዋ በእግሯ ላይ ያላት እምነት፣ ሚዛንና ቁጥጥር፣ እንዲሁም በራሱ በስፖርቱ ውስጥ ያላት ብቃት አብረው ይታያሉ። ልጅዎ እግሯን ገና አላመነችውም። ልምምድ ትግባ፣ መዝለልና ማረፍን ከዝቅታ ጀምራ ታሳድግ፤ ውድድሩ ትንሽ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ትናንት ወለም አለኝ። ጥንካሬውን አሁኑኑ ልለካው?

መልስ፦ አይለኩት። ህመም ራሱ ጡንቻን ስለሚያስር ቁጥሩ አይረባዎትም። አሁን የሚቀድመው ስብራት አለመኖሩን ማወቅ ነው። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎት፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጉብ ያለው አጥንት ጫፉ ወይም የኋላ ጠርዙ ሲጫኑት ካመመዎት ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሄደው ኤክስሬይ ይነሡ። በመሐል እግር ውጭ በኩል ወይም ውስጥ በኩል ያለው አጥንት ሲነካ የሚያምዎት ከሆነም እንደዚያው ያድርጉ።