የማቅጠኛ መርፌ እየወሰድኩ አረገዝኩ፤ ልጄ ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 91 ኪሎ ነበር። እህቴ ከዱባይ ኦዜምፒክ ላከችልኝና በሳምንት አንድ ጊዜ እወጋ ጀመር፤ ለአራት ሳምንት 0.25፣ ከዚያ 0.5 ሚሊ ግራም። አሁን 84 ኪሎ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ በቴሌግራም የገዛሁትን የማቅጠኛ ሻይ እጠጣለሁ። መጨረሻ የተወጋሁት መስከረም 22 ነው። የወር አበባዬ ድሮም ይዛባል፤ መጨረሻ የመጣው ነሐሴ 20 ነበር። ዛሬ፣ መስከረም 27፣ ሽንቴን ስመረመር እርጉዝ ነሽ ተባልኩ። ልጁ ተጎድቶ ይሆን? ጎረቤቴ «ጉዳት ያለበት ከምትወልጂ ቢቀርብሽ ይሻላል» አለችኝ። መርፌውንስ በአንዴ ላቁም ወይስ ቀስ በቀስ?

መልስ፦ በአንዴ ያቁሙት። የመስከረም 29ኙን አይወጉ። ይህ መድኃኒት ቀስ በቀስ እየቀነሱ የሚተውት ዓይነት አይደለም፤ ራሱ ቀስ እያለ ነው ከሰውነት የሚወጣው። ሴማግሉታይድ (ኦዜምፒክ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው) በየሳምንቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ተጠርጎ እስኪወጣ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ይፈጃል። በእርስዎ ቀን ስናሰላው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ መሆኑ ነው። ማርገዝ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከ2 ወር በፊት ታቁም የሚባለውም ለዚህ ነው። መርፌው የታዘዘልዎ ለስኳር ሕመም ቢሆን ኖሮ ግን ማቆሙ ብቻ አይበቃም ነበር፤ በዚያው ቀን በምትኩ ኢንሱሊን እንዲታይልዎ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነበረብዎ። የስኳር ሕመም እንደሌለብዎ በምርመራ ካላረጋገጡ፣ በባዶ ሆድ የሚሠራውን የደም ስኳር ምርመራ በዚህ ሳምንት ያሠሩ።

ወደ ዋናው ጭንቀትዎ ልምጣ። ጽንሱ ተጎድቷል የሚያሰኝ ነገር የለም፤ ምንም አይሆንም ብሎ መፈረምም አይቻልም። በአይጥ፣ በጥንቸልና በዝንጀሮ ላይ በተደረገ ሙከራ የጽንስ መጨንገፍና የዕድገት መቀነስ ታይቷል። ያ የሆነው ግን በአብዛኛው እናቶቹ እንስሳት መብላት ትተው ክብደታቸው ሲያሽቆለቁል ነው። በሰው በኩል፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣ የኖርዲክ (የሰሜን አውሮፓ) አገሮችን፣ የአሜሪካንና የእስራኤልን የጤና መዝገቦች ያጣመረ ጥናት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ዓይነት መድኃኒት የወሰዱ የስኳር ታማሚ እናቶችን ኢንሱሊን ከወሰዱት ጋር ሲያነጻጽር ከባድ የአካል ጉድለት ጨምሮ አላገኘም። መድኃኒቱን የወሰዱት እናቶች ከአንድ ሺህ በታች ስለነበሩ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥበትም። መርፌውን ተወግቻለሁ በሚል ብቻ ግን ጽንስ አይቋረጥም። ጎረቤትዎ አዝነው ነው የተናገሩት፤ ተሳስተዋል።

እኔን ከመርፌው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሻዩ ነው። መርፌው ስሙም መጠኑም ይታወቃል፤ ሻዩ አይታወቅም። ብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻዮች ሰና የሚባለው ቅጠል አለባቸው፤ ያስቀምጣል፣ ውኃና ፖታሲየም ያሟጥጣል። የሚወርደው ኪሎም ስብ ሳይሆን ውኃ ነው። «ከዕፀዋት ብቻ የተዘጋጀ» ተብለው በሚሸጡ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥ ደግሞ ሲቡትራሚን ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2010 አውሮፓና አሜሪካ ከገበያ ያወጡት መድኃኒት ነው፤ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሻዩን ዛሬውኑ ይተዉት፤ ፓኬቱን ግን አይጣሉት። ከመርፌው ፔን (መድኃኒቱ ካለበት መውጊያ) ጋር ይዘው ይሂዱና ሐኪሙ ይየው፣ ግፊትዎም ይለካ። ሐሰተኛ ኦዜምፒክም አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2016 ዓ.ም. አስጠንቅቆበታል። በፔኑ የተረፈውንም ለማንም አያቀብሉ፤ መርፌው ቢቀየር እንኳ በአንድ ፔን ሁለት ሰው አይወጋም።

አሁን ቀን እንቁጠር፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 27 «አንድ ወር ከሰባት ቀን» ብለው ከቆጠሩ ጳጉሜን ዘለሏት። የነሐሴ 10፣ የጳጉሜን 5፣ የመስከረም 27፣ በድምሩ 42 ቀን፣ ልክ 6 ሳምንት ነው። የወር አበባዎ ስለሚዛባ ግን እርግዝናው ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ዛሬ አልትራሳውንድ ቢታዩ የልብ ምት ላይታይ ይችላልና «ጽንሱ አላደገም» ተብለው በከንቱ ይደነግጣሉ። ሕመም ወይም ደም ከሌለ ከጥቅምት 11 በኋላ ይታዩ፤ ያኔ ዕድሜው በትክክል ይለካል። የአካል ክፍሎቹ አንድ በአንድ የሚታዩበት አልትራሳውንድ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ነው፤ ከታኅሣሥ 21 እስከ ጥር 19 ገደማ ይውላል። ይህን አይዝለሉት።

ፎሊክ አሲድ ዛሬ ይጀምሩ። የሕፃኑ አንጎልና ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው በዚሁ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ስለሆነ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው። ቁመትና ክብደትዎ ሲሰላ ቢ.ኤም.አይ. የሚባለው የውፍረት መለኪያ 32.8 ይመጣል። ከ30 በላይ ለሆነች እናት ብዙ ሐኪሞች በቀን 5 ሚሊ ግራም እስከ 12 ሳምንት ያዛሉ፤ ለብቻው በክኒን መልክ ፋርማሲ አለ፣ መጠኑን ሐኪምዎ ይወስኑልዎ። እስከዚያው ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን አይረን ፎሌት (አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበትን ክኒን) በቀን አንድ ፍሬ ይውሰዱ። 5 ሚሊ ግራም ለመሙላት ብለው ግን ደርበው እንዳይውጡ! እያንዳንዱ ፍሬ 60 ሚሊ ግራም አይረን ስላለው ለዚያ የሚያስፈልገውን 12 ያህል ፍሬ መዋጥ ከልክ ያለፈ አይረን መውሰድ ነው።

ማቅጠኑም እዚህ ላይ ይቁም። በእርስዎ ክብደት በእርግዝናው ሙሉ ከ5 እስከ 9 ኪሎ መጨመር ይመከራል። መርፌውን ሲያቆሙ የምግብ ፍላጎት ተመልሶ ይመጣል፤ አይደንግጡ። የመርፌው ማቅለሽለሽ ከእርግዝናው ጋር ተደራርቦ የሚያስቸግርዎ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይብሉ፦ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ቀጠን ያለ የምስር ሾርባ። ውኃውን ከምግብ ጋር ሳይሆን በመካከል ይጠጡ።

እነዚህን ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፦ ደም፤ በአንድ ጎን የሚወጋ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ራስ መሳት፤ ውኃ እንኳ አልረጋ ብሎ ለአንድ ቀን ያህል ማስመለስ፤ ከላይኛው ሆድ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚሄድ ኃይለኛ ሕመም። የመጨረሻው የቆሽት መቆጣት ወይም የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ከመርፌውና በፍጥነት ከመክሳት ጋር ይያያዛሉ። ከኮዬ ፈጬ ማታ ታክሲ እንደማይገኝ ያውቁታልና የባለመኪና ጎረቤት ስልክና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥርን፣ 907ን፣ ዛሬ ስልክዎ ላይ ይያዙ።