«ኮንቮይ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? አጀብ ወይስ ቅፍለት?

ጥያቄ፦ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወጣቶች የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አትላንቲክን እያቋረጡ ለብሪታንያ እህልና ነዳጅ ያደርሱ ስለነበሩት የንግድ መርከቦች ስጽፍ አንድ ቃል አስቸገረኝ። «ኮንቮይ»ን «አጀብ» ብዬ ተረጎምኩትና «በኦክቶበር 1940 እ.ኤ.አ. የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከአንድ አጀብ 20 መርከቦችን አሰመጡ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አነበበውና «ሃያ የጦር መርከብ በአንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስህተቱ የማን ነው? ወይስ «ኮንቮይ» ብዬ ልተወው?

መልስ፦ ጓደኛዎን አይቀየሙት። የተረዳው በትክክል የጻፉትን ነው።

የጠቀሱት ኤስሲ 7 የተባለውን ጉዞ መሆን አለበት። 35 የንግድ መርከቦች ኦክቶበር 5 ቀን ከካናዳዋ ሲድኒ ተነስተው ወደ ብሪታንያ አመሩ። ሲድኒ ስል የአውስትራሊያዋን አይደለም፤ በኖቫ ስኮሺያ ያለችውን ነው። ጭነታቸው እንጨት፣ ብረት፣ እህልና የመሳሰለው ነበር። የውቅያኖሱን አብዛኛውን ክፍል ሲያቋርጡ የሚጠብቃቸው አንድ አነስተኛ የጦር መርከብ ብቻ ነበር። ሌሎች ጠባቂዎች የደረሱላቸው ወደ መጨረሻው ላይ ነው። ከ35ቱ 20ዎቹ ሰመጡ። ሃያዎቹም የንግድ መርከቦች ናቸው። ከጠባቂዎቹ አንዱም አልሰመጠም። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ግን የሞቱትን የንግድ መርከበኞች ከሥዕሉ አወጣቸው። ትንሽ የምትመስል የቃል ምርጫ ታሪኩን ገለበጠችው።

ለምን? «አጀብ» ስንል ዓይናችን የሚሄደው ወደሚያጅቡት ነው። ንጉሥ አጀብ አለው። ሙሽራ አጀብ አለው። ዘፋኝ በባንድ ይታጀባል። መሐል ላይ አንድ የተከበረ ሰው አለ፤ አጀቡ እሱን የከበበው ሕዝብ ነው። ሙሽራው ራሱ የአጀቡ አባል አይባልም። ስለዚህ «ከአጀቡ 20 ጠፉ» ሲባል አማርኛ ሰሚ የሚቆጥረው አጃቢዎቹን ነው። በዚያ ላይ ከዓረብኛ የመጣው ሌላው «አጀብ» አለ፤ «ወይ አጀብ!» ብለን የምንደነቅበት። «የመርከብ አጀብ» የሚል ርዕስ ያየ ሰው የመርከብ ጉድ የሚተረክለት ሊመስለው ይችላል።

የግርታው ሥር ራሱ «ኮንቮይ» ውስጥ አለ። ቃሉ ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። በውስጡ «አብሮ» እና «መንገድ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። መጀመሪያ ትርጉሙ ማጀብ፣ መሸኘት ነበር። በኋላ ግን ለታጃቢዎቹም ስም ሆነ። ዛሬ እንግሊዝኛው ሲነገር ሁለቱም ወገኖች፣ ተጠባቂውም ጠባቂውም፣ በአንድ ቃል ይጠቀለላሉ። የእኛ «አጀብ» የሚይዘው ግማሹን ብቻ ነው።

ሌላውን ግማሽ የሚይዝ ቃል ግን አለን፤ ቅፍለት። ከአፋር በረሃ አሞሌ ጭነው ወደ በርሃሌና ወደ መቀሌ የሚወጡትን ግመሎች የምንጠራበት ቃል ነው። በቅፍለት ውስጥ ሙሽራ የለም። ሁሉም ባለ ጭነት ነው። አብረው የሚሄዱት ለክብር ሳይሆን መንገዱ አስፈሪ ስለሆነ ነው። የአትላንቲኩም ነገር ይኸው ነው። በዓረብ አገር የኖራችሁ አንባቢዎች የቃሉን ዘመድ «ቃፊላ»ን ታውቁታላችሁ። ዓረቦች ለበረሃው ግመልም ሆነ ለባሕሩ መርከብ በዚያው ቃል ይጠቀማሉ። እኛስ ለምን እናፍራለን? ለእኔ ቅፍለት ከውቅያኖስ ጋር ሲገናኝ ያምራል እንጂ አይጎረብጥም።

አንድ ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። የግመል ቅፍለት በሐሳባችን ውስጥ ረጅምና ቀጭን ነው፤ አንዱ ካንዱ ጀርባ። የአትላንቲኩ እንዲያ አልነበረም። መርከቦቹ በብዙ አጫጭር ረድፎች ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። የጉዞው ስፋት ከርዝመቱ ይበልጣል። ሰርጓጅ መርከብ በአብዛኛው ከጎን ስለሚመታ፣ ጎኑ ባጠረ ቁጥር ዒላማው ይቀንሳል። ስለዚህ «ሰንሰለት» ወይም «የመርከብ ሰልፍ» አይበሉ። «ቅፍለት» ካሉ በኋላ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር «በረድፍ በረድፍ ጎን ለጎን» ብለው ቢያብራሩ አንባቢው ያየዋል። የቅፍለት ዋናው ባሕርይ ቅርጹ አይደለም። የጉዞው ፍጥነት በዘገምተኛው ልክ መሆኑ ነው። ፈጣኑ ደካማውን ይጠብቃል። እነ ኤስሲ 7 ደግሞ ሆን ተብለው ለዘገምተኞች የተዘጋጁ ነበሩ። ፈጣኖቹ ከሃሊፋክስ የሚነሱበት ኤችኤክስ የሚባል ሌላ መስመር ነበራቸው።

የትኛው ቃል ከየትኛው ግሥ ጋር እንደሚስማማ መፈተንም ጥሩ ነው። ኖቬምበር 5 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. የሆነውን እንውሰድ። ኤችኤክስ 84 የተባለውን ጉዞ «አድሚራል ሼር» የተባለው ግዙፍ የጀርመን የጦር መርከብ መሐል ባሕር ላይ አገኘው። ጠባቂው «ጀርቪስ ቤይ» አንድ ብቻ ነበር፤ ያውም መድፍ የተጠመደበት የቀድሞ የመንገደኞች መርከብ። ካፒቴኑ ኤድዋርድ ፌገን የንግድ መርከቦቹ እንዲበተኑ አዘዘ። እሱ ግን መርከቡን በቀጥታ ወደ ጠላት አዞረ። ጀርቪስ ቤይ ሰመጠ፤ ፌገንም አብሮ አለቀ። እሱ ጠላትን ባዘገየበት ጊዜ አብዛኞቹ የንግድ መርከቦች አመለጡ። ስቱርሆልም የተባለ የስዊድን የንግድ መርከብ ሌሊት ተመልሶ መጥቶ ከጀርቪስ ቤይ 65 ሰው አወጣ። ይህን በአማርኛ ሲተርኩ «አጀቡ ተበተነ» ቢሉ ጠባቂዎቹ ሸሹ ማለት ይሆናል። ይህ በፌገን ላይ ከባድ በደል ነው። «ቅፍለቱ ተበተነ፤ አጃቢው ቀረ» ይበሉ። ሁለቱም ቃላት እዚህ ቦታቸውን ያገኛሉ።

«አጃቢ» ከፌገን ሥራ አንጻር ቀለል ያለ ከመሰለዎት «ጠባቂ» ማለት ይችላሉ። እኔ ሁለቱንም እያፈራረቅኩ እጽፋለሁ።

«ሲራራ»ስ ለሚል፣ ቃሉ ቅርብ ነው፤ ግን ወደ ነጋዴው ያደላል። የቅፍለቱን አለቃ «ነጋድራስ» ለማለት ደግሞ ልብ ይቋምጣል። የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነውና። በአትላንቲኩ ቅፍለትም እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከባሕር ኃይል ጡረታ የወጣ መኮንን። የሚሳፈረው ከንግድ መርከቦቹ በአንዱ ላይ ነው። የሚያዘውም እነሱን እንጂ አጃቢዎቹን አይደለም። ሆኖም ነጋድራስ በኋለኛው ዘመን የጉምሩክ ሹም ስም ስለሆነ አንባቢን ያሳስታል። «ኮሞዶር» ብለው ይተዉትና «የቅፍለቱ አለቃ» ብለው ያስረዱ።

«ኮንቮይ» ራሱስ? አልከለክልም። የከባድ መኪና ሹፌሮች «በኮንቮይ ሄድን» ሲሉ ኖረዋል፤ ያማረ የአማርኛ ንግግር ነው። በጽሑፍዎ መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ «ኮንቮይ፣ ማለትም የታጀበ የመርከብ ቅፍለት» ይበሉ። ከዚያ በኋላ «ቅፍለት» ይበቃል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር። «አሰመጡ» ልክ ነው፤ «አሰጠሙ»ም ልክ ነው። «ሰጠመ» ለግእዙ ይቀርባል። «ሰመጠ» ፊደሎቹ ቦታ የተለዋወጡበት ነው፤ ሕዝቡ ተቀብሎታል። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት። ዓረፍተ ነገርዎን እኔ ብጽፈው እንዲህ ነበር፦ «በኦክቶበር 1940 እ.ኤ.አ. የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከካናዳ ወደ ብሪታንያ ሲጓዝ የነበረን ቅፍለት አጥቅተው ከ35 የንግድ መርከቦች 20ውን አሰመጡ፤ አጃቢዎቹ ጥቂት ስለነበሩ ሊያድኗቸው አልቻሉም።»