117ኛው ደቂቃና ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት

ይድረስ ታኬታችሁን አስራችሁ ለምትጠብቁኝ ልጆች፣

መንግሥቱ ወርቁ ያረፈው ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሳምንት ከእናንተ በፊት የነበሩትን ልጆች አሰለጥን ነበር። ክብ ሠርተው እንዲቆሙ አደረግሁና የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ አልኳቸው።

"ለማን ነው ጋሼ?"

"ለመንግሥቱ ወርቁ።"

ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ በረኛው ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። "ዚምባብዌ ያለው ነው እንዴ ጋሼ?"

ሳቅሁ። ሁሉም ሳቁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስቀኝ አለ። እነዚያ ልጆች የእንግሊዝ ክለቦችን ተቀያሪ ተከላካይ ሳይቀር ከነማሊያ ቁጥሩ ይነግሩሃል። ለአገራቸው የአፍሪካን ዋንጫ ካመጡት ሰዎች አንዱን ከኮሎኔሉ ጋር አምታቱት። በልጆቹ ልፈርድ አልችልም። ስንት ዓመት ፉጨት እየነፋሁ "ሩጥ፣ ተመለስ፣ አቀብል" ስል አንድ ቀን ታሪኩን አልነገርኳቸውም። ስለዚህ ለእናንተ ልጻፍላችሁ።

ያን ጨዋታ እኔ አላየሁትም፤ ገና የ3 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያየው አባቴ ነው። እሁድ ነበር፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.። ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ በአለፉ ማግስት። አባቴ የበዓሉን ነጠላ እንዳጣፋ ስታዲየም ገባ። ተጋጣሚያችን ግብፅ ነበረች። ይህን ለመረዳት ከዚያ በፊት የሆነውን ማወቅ አለባችሁ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ካርቱም ላይ ሲደረግ በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በ1951 ካይሮ ላይ ደግሞ እንደገና 4 ለ 0። ስምንት ጎል በሁለት ጨዋታ! እኛ አንድም አላገባንም።

ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ መጣ። የመጡት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። እኛ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረትተን፣ ግብፅ ደግሞ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፋ ፍጻሜ ተገናኘን። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ የአስመራው ልጅ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር።

በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ የሚባለው ግብፃዊ አገባብን። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን። ስታዲየሙ ጮኾ ሳይጨርስ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ፣ ያው ባዳዊ ሁለተኛውን አገባ። እስቲ አስቡት። ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 የረታህ ቡድን ነው። አቻ ሆንክ ስትል በደቂቃ ውስጥ መልሶ ይመራሃል። እናንተ ብትሆኑ አንገታችሁን ትደፉ ነበር፤ አውቃችኋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አይቻችኋለሁ። ሉቺያኖ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ጭማሪ ሰዓት ተገባ። በ101ኛው ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ።

አሁን 3 ለ 2 ነው። ሰዓቱ እያለቀ ነው። እግር ዝሏል። ማንም አጥቂ ወደ ኋላ ተመልሶ ኳሷን ወደ ውጭ ቢጠልዝ የሚወቅሰው የለም። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ ከፊት ነበር። አራተኛውን አገባ። አራት! አባቴ የሚቆጥረው ያቺን አራት ነበር። "ከዕዳው ግማሹን ከፈልን" ይል ነበር። ዋንጫውን ጃንሆይ ለሉቺያኖ ሰጡት።

እኔ መንግሥቱን ያየሁት በኋላ፣ ለጊዮርጊስ ሲጫወት፣ ካታንጋ በሚባለው የስታዲየሙ ተመልካች ወገን አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ነው። ልጅ ስለነበርኩ ከጨዋታው ብዙ አላስታውስም። የአባቴን ጣት አስታውሳለሁ። ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱ ላይ ይቀስረው ነበር።

በአፍሪካ ዋንጫዎች በጠቅላላው 10 ጎል አለው። ከእሱ በላይ ያገቡት ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ ጎሎቹ አይደለም። ሰውየው ያረፈው 70 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ኳስ የተጫወተው በወጣትነቱ ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖሯል። በዚያ ረጅም ዕድሜ ውስጥ ምን ሠራ ብላችሁ ጠይቁ።

አሰለጠነ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድናችንን ይዞ የሄደው እሱ ነው። ውጤቱ ጥሩ አልነበረም። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጎል ተለያየን። አንድም ጎል አላገባንም። በዚህ ዋንጫ 10 ጎል ያለው ሰው መስመር ዳር ቆሞ ልጆቹ አንዲት ማግባት ሲያቅታቸው ማየቱን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ቤቱ ቁጭ ብሎ የ117ኛዋን ደቂቃ ጎል እያወራ ቢኖር ማን ይናገረው ነበር? ስሙ በዚያች ብቻ ይበቃው ነበር። እሱ ግን መሸነፍ ወዳለበት ቦታ ተመልሶ ገባ።

እኔ ግን ተገላቢጦሹን ነበርኩ። ይህን አልነገርኳችሁም። በ24 ዓመቴ ጉልበቴ ተሰበረ። ዝቅተኛ ሊግ ላይ ነበርኩ፤ ትልቅ ተጫዋች አልነበርኩም። አንድ ግን ቆንጆ ጎል ነበረችኝ፤ ከመሀል ሜዳ። እሷን እያወራሁ ስድስት ዓመት ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሳልዋሽ፣ ጎሏ በየዓመቱ ትርቅ ነበር። መጨረሻ ላይ ከራሳችን በረኛ አጠገብ ነበር የመታኋት! ያን ጊዜ ብማር ኖሮ፣ የአሰልጣኝነት ላይሰንሴን በጊዜ ባወጣ ኖሮ፣ ዛሬ ስንት ልጅ በእጄ ባለፈ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ናቸው ያነቁኝ። "ጎልህን ሰምተናታል፣ አሁን ልጆቹን ሰብስብልን" አሉኝ። ሰደቡኝ ብዬ ሁለት ሳምንት ሰላም አላልኳቸውም።

እናንተ ደግሞ ሻይ ቤቱን ኪሳችሁ ይዛችሁታል። የ15 ሰከንድ ቪዲዮ። አንድ ልጅ ያገባትን ጎል በሙዚቃ አጅቦ ቲክቶክ ላይ ይለቅና ሳምንቱን ሙሉ ላይክ ሲቆጥር ልምምድ ይቀራል። አልከለክላችሁም፤ እኔም ያኔ ስልክ ቢኖረኝ አደርገው ነበር። ግን ጉልበት ይሰበራል። ባይሰበርም ያረጃል። ሠላሳ ምናምን ላይ ሁሉም ጫማ ይሰቅላል። ስለዚህ ትምህርታችሁን አትተዉ። "ጋሼ እኔ ፕሮፌሽናል ነው የምሆነው" የምትለኝ አንተ፣ ራስህን ታውቃለህ፣ የሒሳብ ደብተርህን ሰኞ ይዘህ እንድትመጣ።

ሌላ አንድ ነገር አለ። መንግሥቱ ካረፈ ሁለት ዓመት ቆይቶ ዋልያዎቹ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። እሱ ይዟቸው ከሄደ ከ31 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ተጋጣሚያቸው ዛምቢያ ነበረች፤ የወቅቱ ሻምፒዮን። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል በቀይ ወጣ። ጎል ገባብን። በ10 ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። አዳነም ያኔ የጊዮርጊስ ልጅ ነበር። ካላንደሩን ዞር ብዬ ሳይ ጥር 13 ነበር፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ 51 ዓመት። አባቴ በሕይወት አልነበረም። የምደውልለት ሰው አጣሁና ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ ጥር 13 በሜዳችን ምን እንደምናደርግ ትልልቆቹ ያውቃሉ። አዲሶቹ ስሙኝ። ልምምድ የለም። የጭማሪውን 30 ደቂቃ ብቻ ነው የምንጫወተው፤ ያውም መጀመሪያ ሜዳውን አሥር ጊዜ ከዞራችሁ በኋላ፣ እግራችሁ እንዲዝል። ውጤቱ 2 ለ 2 ተብሎ ይጀመራል። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ። ደቂቃዋ ስትደርስ አልነግራችሁም።

ውኃ ይዛችሁ ኑ።