25 ግራም የመዘነው ማርትሬዛ፦ መጀመሪያ ሚዛኑን ጠርጥር

ወንድሜ፣ «ከአያቴ የወረስኩትን ማርትሬዛ በኩሽና ሚዛን ብመዝነው 25 ግራም ብቻ ሆነ። 28 መሆን ነበረበት ይላሉ፤ ሐሰተኛ ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። (ማርትሬዛ፣ ጠገራም የሚባለው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት የድሮ የብር ገንዘብ ነው።) ከሥር ደግሞ «ፎርጅድ ነው፣ አትድከም» የሚል መልስ ተደርድሯል። እኔ እንደዚያ አልቸኩልም። እዚሁ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ውስጥ ከሚዛን ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ አሮጌ ገንዘብም እሰበስባለሁ። ቀለለ የተባለ ጠገራ ይዘውልኝ ሲመጡ አስቀድሜ የምጠረጥረው ሚዛኑን ነው።

የኩሽና ሚዛን የተሠራው ለዱቄትና ለስኳር ነው። ብዙው የሚቆጥረው በአንድ አንድ ግራም ነው፤ 5 ኪሎ እንዲችል ስለተሠራም በ20 እና በ30 ግራም አካባቢ እምነት አይጣልበትም። አንተ 25 ያነበብከው 24ም 27ም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ፣ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙትን ዓይነት የኪስ ሚዛን ተዋስ።

እሱንም ቢሆን ዝም ብለህ አትመነው። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን የሚለካው ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው፤ ይህ ደግሞ እንደ አገሩ ይለያያል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ትቀርባለች፤ ሁለቱም ስበቱን ይቀንሱታል። አውሮፓ ውስጥ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዚህ እንደገና ሳይስተካከል ቢመዝን ከሺህ 3 ያህል ያጎድላል፤ 28.07 የሆነውን ሙሉ ጠገራ 27.99 ገደማ ይልሃል። እኛ ጋ ከአዲስ አበባ የመጣ ሚዛን እንኳ ክብደቱ በታወቀ መመዘኛ ብረት ሳይስተካከል ሥራ አይጀምርበትም። (ሁለት እጅ ያለው የድሮ ሚዛን ከዚህ ነፃ ነው፤ ስበቱ ሁለቱንም ወገን እኩል ይጎትታልና።) ያንተን 3 ግራም ግን ይህ አይሸፍነውም።

መመዘኛ ብረት ካጣህ፣ ጎብኚ ወደ ገዳማቱ የሚያሻግሩ ባለ ጀልባዎችን ጠይቅ፤ የዩሮ ሳንቲም ከእጃቸው አይጠፋም። ባለ 2 ዩሮው 8.50 ግራም ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ስታስቀምጥ 25.50 አካባቢ ካለህ፣ ሚዛኑ አንተ በምትፈልገው ክብደት ላይ ደህና ነው ማለት ነው። ሚዛኑን በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ አድርግ፤ ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ እንዳይነካው መስኮት ዝጋ። ጠገራውን መሃል ላይ እያነሳህ እያስቀመጥክ ደጋግመህ መዝን፤ ቁጥሩ በየጊዜው ከተለዋወጠ ባትሪውን ቀይር።

እንዲህ አድርገህም 25 ላይ ከቀረ፣ አሁን ጉድለቱ የጠገራው ነው። ሕጋዊ ክብደቱ 28.0668 ግራም ነው፤ ከሺህ 833 ያህሉ ብር፣ ሌላው መዳብ ነው። ፊቱ እስኪጠፋ ካልተላጠ በቀር በእጅ መነካካት ብቻውን 3 ግራም አይወስድም። የቀረው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ብሩ ተቀንሷል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ብር አልነበረም። ክብደት ብቻውን እነዚህን አይለይም። የሚለያቸው ውሃ ነው።

በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ጨምረህ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ወደ ዜሮ መልሰው። ጠገራውን በቀጭን ክር አስረህ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ውሃው ውስጥ አንጠልጥለው፤ ታቹንም ጎኑንም አይንካ። አረፋ ከተለጠፈበት ይሳሳታልና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምርበት። ሚዛኑ የሚያሳይህ ግራም ጠገራው የያዘው ቦታ በሚሊ ሊትር ነው። ደህና ማርትሬዛ 2.75 አካባቢ ይላል። ደረቅ ክብደቱን ለዚህ ስታካፍለው 10.2 ገደማ ይመጣል። ያንተ 25 ግራሙ በውሃ 2.45 ካሳየ ያው 10.2 ነው፤ ብሩ ብር ነው፣ ግን ከላዩ ተወስዷል። 2.75 ካሳየ ግን 9.1 ይመጣል፤ ይህ ወደ መዳብና ኒኬል የቀረበ ነው፤ ሐሰተኛ ነው ያሉህ ያኔ እውነት አላቸው። እርሳስና ቆርቆሮ ቀላቅሎ 10.2 ላይ ማድረስም ይቻላል፤ እንዲያ ያለው ግን በጥፍር ይጫራል፣ ሲመታም ድምፁ የታፈነ ነው።

እኔ ወደ መጀመሪያው፣ ብሩ ተቀንሷል ወደሚለው፣ አደላለሁ። በእኛ አገር ጠገራ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጌጥም ነበር፤ ማንጠልጠያ ተበይዶለት አንገት ላይ ይውላል፣ ኋላ ሲፈታ ጠርዙ በሞረድ ይስተካከላል። ብር ሠሪም ሲያልፍ ሲያገድም ጥቂት ይልጣል። ስለዚህ ጠርዙን ተመልከት፦ ዙሪያውን ወጣ ወጣ ያለ የላቲን ጽሑፍ አለ፣ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል። በአንድ ወገን ብቻ ከጠፋ የሞረድ ሥራ ነው፤ ዙሪያውን ከሌለ ወይም ከደበዘዘ በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ መሆኑን ጠርጥር። የድሮ ሰዎቻችን የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዘጠኝ ዕንቁ መሆኑን ሳይቆጥሩ አይቀበሉም ነበር ይባላል፤ አንተም ቁጠር።

1780 የሚለው ዓመት ግን ምንም አይነግርህም። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በለንደን፣ በቦምቤይ፣ ጣልያንም ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮም ያንኑ ዓመት እየጻፉ መትተውታል። የሮሙም ክብደቱ ያው ነው፤ «የጣልያን ስለሆነ ቀለለ» የሚልህን አትስማ።

እስከዚያው በአመድም በሎሚም አትፈትገው፣ በብር ሠሪም አታስቀልጠው። ደረቅ ክብደቱንና የውሃውን ቁጥር፣ የጠርዙን ፎቶም ዙሪያውን አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን።