ሁለት መስመር አርመህ 600 መስመር ሲለወጥ

ጥያቄህ ይህ ነው፦ ለቅጥር ፈተና በተሰጠህ የፓይተን ፕሮጀክት ላይ ሁለት መስመር አርመህ ላክህ፤ ለውጡ ግን 600 መስመር ሆኖ ታየ። ገምጋሚውም «ፎርማተርና ሊንተር አጠቃቀም ተማር» ብሎ መለሰልህ። ኮዱ እየሠራ ለምን ተመለሰ?

እነዚያን ሁለት መስመሮች ከ600 መሃል ለቅሞ የሚያወጣ ገምጋሚ ስለሌለ ነው።

መጀመሪያ መንስኤውን ለይ። በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ) ልዩነቱን ስታይ በመስመር መጨረሻ ያለውን ክፍተት ችላ እንዲል እዘዘው። ሁለት መስመር ብቻ ከቀረ፣ ጥፋቱ ዓይን የማያየው የመስመር መጨረሻ ምልክት (ዊንዶውስ ላይ የተለመደ ነው) ወይም በመስመር መጨረሻ ያለ ክፍተት ነው። 600ው እንዳለ ከቀረ ግን ፋይሉን ባስቀመጥክ ቁጥር ኤዲተርህ ፎርማተር (የኮድ መልክ አስተካካይ) እያስኬደ ሳይሆን አይቀርም። የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ የሆነው ፔፕ 8 መስመር ከ79 ቁምፊ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ብላክ የተባለው ፎርማተር ካልነገርከው 88 ድረስ ይሄዳል። የፕሮጀክቱ ባለቤቶች ደንብ 79 ከሆነ፣ ያንተ ብላክ ሰብረው ከጻፉት መስመር በ88 ውስጥ የሚገባውን ብዙውን መልሶ ይገጥመዋል።

ሁለቱን መሣሪያዎችም አታምታታ። ፎርማተር የኮዱን መልክ ብቻ ይነካል። ሊንተር ኮዱን ሳያስኬድ አንብቦ የሚያጠራጥረውን ይጠቁማል፤ ለምሳሌ ገብቶ ያልተጠቀሙበትን ሞጁል ወይም ዋጋ ሳይሰጠው የተጠራን ተለዋዋጭ። (ራፍ የተባለው መሣሪያ ሁለቱንም ይሠራል፤ ግራ መጋባቱ ከዚህም ይመጣል።)

አሁን እንደ አዲስ ጀምር። የፕሮጀክቱን የማዋቀሪያ ፋይል አንብብና እዚያ የተጠቀሰውን መሣሪያ በዚያው ቨርዥን ጫን። ቨርዥኑን አትናቅ፤ ብላክ በየዓመቱ መጀመሪያ በሚወጣው ቨርዥን የአጻጻፍ ደንቡን ሊቀይር ይችላል። ያንተ የዘንድሮ፣ የእነሱ የአምና ከሆነ ያው ፋይል ወዲያና ወዲህ ሲገለበጥ ይኖራል። ከዚያ ምንም ሳይቀይር እንዲፈትሽ ብቻ አድርገህ አስኪደው። ድሮም ደንብ የጣሰ ፋይል ካገኘህ ተወው፤ የተጠየቅከው እሱን አይደለም።

ሙሉውን አስተካክል ከተባልክ ለብቻው ኮሚት (በጊት የሚመዘገብ አንድ የለውጥ ጥቅል) አድርገው። ከ2019 ጀምሮ ጊት የእያንዳንዱን መስመር ጸሐፊ ሲያሳይ እንዲህ ያለውን ኮሚት እንዲዘል ማድረግ ይቻላል፤ የኮሚቱን መለያ በአንድ ፋይል መዝግበህ ጊትን ወደዚያ ትመራዋለህ።

የሊንተር ማስጠንቀቂያ ያላግባብ ከመጣብህ፣ የደንቡን ኮድ ጠቅሰህ በዚያች መስመር ብቻ ዝም አሰኘው። ኮድ ሳይጠቅሱ ማፈን በዚያው መስመር ያለውን እውነተኛ ስህተትም ይሸፍናል፤ ገምጋሚዎች ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል።

ሲቪህ ላይ የመሣሪያ ስም ከመደርደር፣ በራስህ ፕሮጀክት ከኮሚት በፊት የሚሠራ ፍተሻ አስገባ። ያንኑ ፍተሻ ሰርቨር ላይም ድገመው፤ ኮምፒውተርህ ላይ ያለውን ማንም ዘሎት ሊያልፍ ይችላልና።