ቴስተሩ 12.1 ካለ ባትሪው ሙሉ ነው?

አንዲት የሱሉልታ ባለሱቅ የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ባለ12 ቮልት፣ አቅሙ 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ደረቅ (ውሃ የማይጨመርበት) ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር አላቸው። አምፖሎቹን፣ ቴሌቪዥኑንና የዋይፋይ ራውተሩን ያንቀሳቅሳል። ድሮ መብራት ሲሄድ ምሽቱን ያለ ሐሳብ ያሳልፋቸው ነበር። አሁን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ኢንቨርተሩ ይጮኻል። ጠዋት በቴስተር ሲለኩት 12.1 ያሳያል፤ ቻርጅ ላይ ሲሆን ደግሞ 13.6። «የ12 ቮልት ባትሪ 12.1 ካሳየ ሙሉ አይደለም እንዴ? አንዱ ባለሙያ ሞቷል፣ አዲስ ይግዙ አለኝ። ሌላው ምንም አልሆነም አለኝ። ማንን ልመን?» ይላሉ።

ለጊዜው ሁለቱንም አይመኑ። ሁለቱም በደንብ ሳይለኩ ነው የፈረዱት።

ባትሪው ውስጥ ስድስት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል። አንዱ ሴል ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 2.13 ቮልት ገደማ ይሰጣል። በስድስት ሲባዛ 12.8 ይመጣል። ስለዚህ ሙሉ የሆነ ደረቅ ባትሪ 12.8 አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ 12 አይደለም። 12.5 ከሆነ ሩቡ ያህል ወጥቷል። 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 ሩብ ገደማ ቀርቶታል። 11.8 ከደረሰ ባዶ ነው ይበሉት። ከፋብሪካ ፋብሪካ የ0.1 ልዩነት ሊኖር ይችላል፣ ነገሩ ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም። የእርስዎ 12.1 እንግዲህ ከግማሽ በታች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ። በሙሉና በባዶ መካከል ያለው ርቀት 1 ቮልት ብቻ ነው። 0.1 ቮልት ማለት የባትሪው አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ስለዚህ «12 ምናምን ነው» ብሎ የሚነግርዎት ሰው ምንም አልነገረዎትም። ቴስተሩም ቢሆን ይታይ። የራሱ ባትሪ የደከመ ርካሽ ቴስተር ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያነባል። ስክሪኑ ላይ የባትሪ ምልክት ብልጭ ካለ በዚያ አይለኩ።

ዋናው ጉዳይ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ቁጥሩን ሲያነቡ ባትሪው ምን እያደረገ ነበር? ያንን ካላወቁ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ቻርጅ ላይ እያለ የሚያዩት 13.6 የቻርጀሩ ቮልት እንጂ የባትሪው አይደለም። ከቻርጅ እንደተነቀለም 13.1 ወይም 13.2 ያሳያል። እሱ በጣሳ እንደተቀዳ ጠላ አረፋ ነው፤ ትንሽ ሲቆይ ይወርድና እውነተኛው ልክ ይታያል። ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ይላል። አምፖሉንና ቴሌቪዥኑን ሲያጠፉ ተመልሶ ይወጣል። ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች የሚሠሩት ከቻርጅም ከሥራም ተላቆ ቢያንስ አራት ሰዓት ላረፈ ባትሪ ነው። ቢያድር ደግሞ የተሻለ።

ደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው ያ 13.6 ነው። ደረቅ ባትሪ በደንብ እንዲሞላ ቻርጀሩ ወደ 14.4 ገደማ መውጣት አለበት። 13.6 የሞላ ባትሪን ሞልቶ ለማቆየት የሚሆን ነው። ባዶውን ባትሪ በ13.6 ብቻ ለመሙላት ግን በጣም ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ሰፈር መብራት ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይሄዳል። ባትሪው ሰማንያ በመቶ ላይ ሳይደርስ እንደገና ወደ ሥራ ይገባል። ይህ ለወራት ሲደጋገም ውስጡ ባሉት የእርሳስ ፕሌቶች (ሳህኖች) ላይ የሚጋገረው ሰልፌት የሚባል ጨው ይጠነክርና አቅሙን ይበላዋል። ደረቅ ባትሪ በብዛት የሚሞተው እንዲህ ነው፤ ተርቦ።

ስለዚህ መጀመሪያ ኢንቨርተሩን ይመልከቱ፤ ቻርጀሩ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ላይ ከኋላ ወይም ከጎን በካቻቢቴ የምትዞር፣ ዙሪያዋን ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ አለች። ስክሪን ያለው ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። ቁጥሩ የትኛው የባትሪ ዓይነት እንደሆነ መመሪያው ላይ ያገኙታል። ደረቅ ባትሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኤጂኤም የሚባለው ከ14.4 እስከ 14.7፣ ጄል የሚባለው ከ14.1 እስከ 14.4 ነው የሚፈልገው። ባትሪው ጎን ላይ ፋብሪካው የጻፈው ካለ እሱ ይበልጣል። አደራ፣ ቶሎ ይሙላ ብለው ከዚያ በላይ እንዳያደርጉት። ደረቅ ባትሪ ውሃው ከተነነ መልሶ የሚጨመርበት መንገድ የለም። ሆዱ ያበጠ ባትሪ ካዩ በብዛት ከመጠን በላይ ቻርጅ የተደረገ ነው። የእርስዎም አብጦ ከሆነ ቻርጅ ማድረጉን ያቁሙና ይቀይሩት፤ የቀረውን ምክሬን ማንበብ አያስፈልግዎትም።

ማዞሪያዋን ካስተካከሉ በኋላ መብራት በማይጠፋበት ቀን ሙሉ ቀንና ሌሊት ቻርጅ ላይ ይተዉት። ክፍሉ አየር የሚገባበት ይሁን። ከዚያ ኢንቨርተሩን አጥፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይፍቱ። ቀለበትዎንና አምባርዎን ቀድመው ያውልቁ፤ ብረት ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ እጅ ያቃጥላል። ገመዱን የሚፈቱት ኢንቨርተሩ ጠፍቶም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ስለሚጠጣ ነው። የጠዋቱ 12.1 ከፊሉ በሱ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ማታ ፈተው ካሳደሩት ጠዋት ይለኩ። የቴስተሩ ቀይ ገመድ ቮልት የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ይግባ። 10 አምፒር የሚለው ውስጥ ከሆነ ባትሪውን ሾርት ያደርጋሉ። ማዞሪያው ቀጥታ መስመር ያለበት 20 ቮልት ላይ ይሁን። ጫፎቹን በቀጥታ የባትሪው እርሳስ ላይ ያሳርፉ፤ ገመዱ ማሰሪያ ላይ አይሁን።

10.6 አካባቢ ካሳየ አንዱ ሴል ሞቷል፤ መድኃኒት የለውም። 12.4ን ካላለፈ ወይ አልሞላም ወይ ሰልፌቱ ከብዷል። ቻርጁን አንድ ጊዜ ይድገሙለትና ለውጥ ከሌለ ተስፋ ይቁረጡ። 12.7 ወይም 12.8 ካሳየ ደስ ይላል፣ ግን ገና አልጨረስንም። ቮልቱ የሚነግርዎት ሙላቱን እንጂ ዕቃው ምን ያህል እንደሚይዝ አይደለም። አቅሙ የተበላ ባትሪም ሲሞላ 12.8 ያሳያል። «ምንም አልሆነም» ያለዎት ሰው እዚህ ላይ ሳይሳሳት አልቀረም።

እሱን ለማወቅ ማሠራት ነው። ገመዱን መልሰው ያሰሩ፣ ኢንቨርተሩን ከሶኬት ይንቀሉና የተለመደውን ዕቃ ያብሩ። ዕቃዎቹ በድምሩ 100 ዋት ገደማ ከሆኑ፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ተጨምሮ ከባትሪው 10 አምፒር ያህል ይወጣል። የባትሪው ቮልት በደቂቃዎች ውስጥ ወርዶ 11 ቤት ከገባ መልሱን አግኝተዋል፤ አቅሙ ተበልቷል። ደህና ከሆነ ሁለት ሰዓት ያሠሩት። 20 አምፒር ሰዓት ወጣ ማለት ነው። ኔጌቲቩን ፈተው እንደገና አሳርፈው ይለኩ። ጤነኛ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 12.5 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። 12.2 ካሳየ ግን በ20 ግማሹ አልቋል፣ ሙሉውም 40 ብቻ ነው። ግምት ነው፣ ግን ለውሳኔ ይበቃል። ለአምፖልና ለራውተር 40ም ያገለግላል፤ ቴሌቪዥኑን ከሱ ላይ ካነሱለት ገና ይቆያል።

ዕቃው በርቶ እያለ ሌላም ነገር ይለኩ። አንዴ ባትሪው ጫፍ ላይ፣ አንዴ ኢንቨርተሩ ገመዱን የሚቀበልበት ላይ። ልዩነቱ ከ0.3 ካለፈ ገመዱ ቀጥኗል ወይ ማሰሪያው ላልቷል። እንዲህ ሲሆን ኢንቨርተሩ ባትሪው ሳያልቅ አልቋል ብሎ ይጮኻል። አዲስ ባትሪ ከተገዛ በኋላ ጩኸቱ ያልቆመበትን ቤት አይቻለሁ፤ ጥፋቱ የላላች ቡሎን ነበረች።

ሱሉልታ ብርድ ነው፤ እሱም ይቆጠራል። ቀዝቃዛ ባትሪ ለመሙላት ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል፤ ከ25 ዲግሪ በታች ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.02 ቮልት ገደማ ይጨመራል። ኢንቨርተርዎ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ካለው ባትሪው ላይ ይለጥፉት። ከሌለው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ከሚያስቀምጡት ጣውላ ላይ ያድርጉት፤ ቆርቆሮው ሥር ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ ግን አያስጠጉት። ከብርዱ ሙቀቱ ነው ዕድሜ የሚቆርጥበት።

መግዛት ግድ ከሆነ መርካቶ ሲሄዱ ቴስተርዎን ይያዙ። ባትሪው የተመረተበት ቀን የታተመበትን ያሳዩኝ ይበሉ። ሳይሞላ መደርደሪያ ላይ ወራት የተቀመጠ ባትሪ አዲስ ተብሎ ቢሸጥም ሰልፌት ጀምሮታል። ባለሱቁ ፊት ይለኩት። 12.7 ካሳየ ይደራደሩ፤ ከ12.5 በታች ከሆነ ሌላ ያውርዱልኝ ይበሉ።