የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ደሙ ታይቶ እንስሳው ሲጠፋ ሂሳቡ የማን ነው?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከሐዋሳ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሦስቱም የሚያነሡት በአደን አስጎብኚዎችና በደንበኞቻቸው መካከል ስለሚፈጠር ቅሬታ ነው። በጸሐፊዎቹ ጥያቄ መሠረት ስማቸውን አላተምንም፤ መልሱን ያዘጋጀሁት እኔ ለዓመታት በአደን ካምፖች በአስተርጓሚነት የሠራሁ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ የምኖር ስሆን፣ መተዳደሪያዬ ከውጭ የሚመጡ እንግዶችን በመኪናዬ ማመላለስ ነው። ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ ከሚኖርበት አገር የሥራ ባልደረባውን ይዞ መጣና፣ እንግዳው የደጋ አጋዘን ለማደን ለአንድ ድርጅት ሙሉ ክፍያ ከፍሎ ወደ አርሲ ተራሮች ወጣ። በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ተኮሰ፤ ደም ተገኘ፤ ዱካውን እስኪመሽ ተከተሉት፤ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስላደረ ግን ጠዋት ምንም ምልክት አልነበረም። ድርጅቱ “እንስሳው እንደ ተገደለ ይቆጠራል” ብሎ የእንስሳውን ሙሉ ዋጋ ያዘ፤ በቀሩት ቀናትም ሌላ አጋዘን መተኮስ አይቻልም አለ። እንግዳው “ተዘረፍኩ” ብሎ ወደ አገሩ ሲሄድ እኔና የአጎቴ ልጅ የምንገባበት ጠፋን። አሁን ደግሞ ሁለት ጓደኞቹ መምጣት ይፈልጋሉ፤ አንድ ደላላም ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና እየጋበዘኝ የትልልቅ ቀንዶችን ፎቶ በስልኩ ያሳየኝና ቀብዱ ቶሎ እንዲላክ ይወተውተኛል። ያለፈው ነገር ዝርፊያ ነበር ወይስ ደንብ? የሚቀጥለውን ድርጅትስ በምን ልለየው? “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” እንደማይሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

መልስ፦ አልልዎትም፤ ገና ሁለት እንግዶች ስላሉዎት መጥኖ መደቆሱ አልዘገየም።

ክፍያው ራሱ ዝርፊያ አይደለም። በአፍሪካ ስፖርታዊ አደን በሚካሄድባቸው አገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ደሙ የታየ እንስሳ ተገኘም አልተገኘም እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ለአንድ የአደን ቀበሌ (ለአደን ተብሎ ለተከለለ አካባቢ) በዓመት የሚፈቀደው ኮታ በእንስሳት ቁጥር ስለሚወሰን፣ ቆስሎ ጫካ ገብቶ የሞተው አጋዘን ግዳይ ሆኖ ባይታይም ከመንጋው ጎድሏል፤ ደንቡ ባይኖር ኖሮ ደግሞ አንዱን አቁስሎ ትቶ ቀንዱ የሚረዝመውን ፍለጋ የሚሄድ ተኳሽ አይጠፋም ነበር። በአገራችን የድሮ አደን ወግም ግዳዩ የሚቆጠረው መጀመሪያ ደም ላፈሰሰው ሰው ነበር፤ ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ ደም ያፈሰሰው ክብሩን ይዞ ይፎክር ነበር፣ ዛሬ ሂሳቡ ይመጣለታል።

በደጋ አጋዘን ላይ ሲሆን ደንቡ ጥብቅ የሚሆነው በምክንያት ነው። እንስሳው ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፤ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብም የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ተርታ ሰፍሯል። ሳይንስ እንኳ ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ከአርሲ ተራሮች በወሰደው ናሙና መነሻነት ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 መዘገበው። በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው ቀንዳም እንስሳ ይኸው ነው። ስለዚህ “ሁለተኛ መተኮስ አይቻልም” ያለው ድርጅት በዚህ ነጥብ ትክክል ነበር፤ ቢፈቅድ ኖሮ ነው የሚያስጠይቀው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከጥይቱ በፊትና በኋላ የሆነው ነው። ይህ አንቀጽ በውሉ ላይ ተጽፎ፣ እንግዳው በሚያውቀው ቋንቋ ተነግሮት ነበር? “ቆስሏል” ብሎ የወሰነውስ ማን ነው? በሳር ላይ የተገኘ አንድ ጠብታና ጥቂት ፀጉር ከላይ የተፋቀ እንስሳም ሊተወው የሚችል ነገር ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ውል ለፍርዱ እንግዳውን የሚመራውን ባለሙያ አዳኝ ብቻ ሳይሆን ከቡድኑ ጋር የሚወጣውን የመንግሥት ስካውትም ምስክር ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚመዘነው የፍለጋው ትጋት ነው።

ትጋት ስል በችኮላ መሮጥ ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ አስታው ጥቅጥቅ ባለበት ተረተር ላይ፣ በዕድሜ የገፉ ዱካ ፈላጊ ቅጠል ላይ ያለውን ደም በጣታቸው ነክተው ወደ ብርሃን አቀረቡት፤ አሸተቱትና ተቀመጡ። አረፋ ያለው ፈካ ያለ ደም ከሳንባ፣ የጠቆረው ከጉበት የሚመጣ ሲሆን፣ እሳቸው ያዩት ግን አረንጓዴ ፈርስ የተቀላቀለበት ነበር፤ ሆዱን የተመታ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ወዲያው ከተከተሉት ሕመሙን ይዞ ይርቃል፤ ከተዉት ግን ቅርብ ቦታ ላይ ይተኛል። ደንበኛው “ገንዘብ የከፈልኩት ሽማግሌ ሲያርፍ ለማየት ነው?” ብሎ ተቆጣ፤ እኔም ቃሉን አለዝቤ ተረጎምኩላቸው፤ እሳቸውም ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፣ ዝም ብለው ቆሎ አቀረቡለት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ስንነሣ አጋዘኑን ብዙ ሳንሄድ ከአንድ ኮሶ ሥር ተኝቶ አገኘነው።

እንግዳዎ ላይ ዝናቡ ደሙን እንዳጠበው ተረድቻለሁ። ዝናብ ግን ጥንብ አንሳን አያስቀርም፤ በማግስቱ ዱካ ፈላጊዎች ተሰማርተው፣ ሸለቆውን በመነጽር እያሰሱ፣ አሞራ የሚዞርበትን ሰማይ እየተመለከቱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ካልፈለጉ ድርጅቱ ክፍያውን ሲይዝ የራሱን ግዴታ አልተወጣም። የእንግዳዎ ፈቃድ የምኒልክ ድኩላን የሚጨምር ከነበረም፣ የቀን ክፍያ የተከፈለባቸውን ቀሪ ቀናት በካምፕ እሳት ዳር ማሳለፉ ተገቢ አልነበረም። እንግዳዎ ውሉንና የተኩሱን ቀን ጠቅሶ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ ቢያመለክት፣ የስካውቱ ቃልም እንዲታይለት ቢጠይቅ መልካም ነው። ገንዘቡ ሁሉ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ የፍለጋው ጉዳይ ግን የሚያከራክር ነው።

ወደ ደላላዎ ልመለስ። የትልልቅ ቀንድ ፎቶ ማንም አለው፤ የማን ግዳይ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው የአደን ቀበሌ እንደ ወደቀም ፎቶው አይናገርም። ስለዚህ ቡናውን ጠጥተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት በድርጅቱ በኩል ሄደው ባዶ እጃቸውን ከተመለሱት ደንበኞች መካከል ከሁለቱ ጋር በፈቃዳቸው እንዲያገናኝዎት። ግዳይ የጣለ ሰው ስለ ምግቡም፣ ስለ ድንኳኑም፣ ስለ ባለሙያ አዳኙም ክፉ አያወራም፤ ደስታው ሁሉን ይሸፍንለታል። ባዶ እጁን ተመልሶ “ሰዎቹ ግን ሐቀኞች ናቸው፣ እንደገና እሄዳለሁ” የሚል ደንበኛ ያለው ድርጅት ካገኙ እንግዶችዎን አይሰስቱበት። ደላላው “ባዶ እጁን የተመለሰ የለም” ካለዎት ተሰናብተው ይነሡ፤ ተራራ ላይ የሚታደን እንስሳ እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም።

ድርጅቱ በሙኔሳ ይሁን በባሌ በኩል የሚያሳድንበት ቀበሌ በእርግጥ በእጁ መሆኑን፣ የዚህ ዓመት ኮታም ስንት እንደሆነና ስንቱ እንደ ተሸጠ የሚያሳይ ወረቀት ሳያዩ ቀብድ አይላክ፤ ያለዚያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በውሉ ላይ የቀን ክፍያው ለብቻው፣ የእንስሳው ዋጋ ለብቻው ይጻፍ፤ የቀን ክፍያው እንስሳ ባይታይም የማይመለስ ሲሆን፣ የእንስሳው ዋጋ ግን ደም ካልታየ የሚመለስ ነውና የሚመለስበት ቀን በቁጥር ይቀመጥ። እንግዶቹን የሚመራው ባለሙያ አዳኝ በስም ይጠቀስ፤ አንዱን አሳይቶ ሌላውን መላክ በዚህ ሥራ የተለመደ ነው። ለአንድ እንግዳ አንድ ባለሙያ አዳኝ ይመደብ ወይስ ሁለቱ አንዱን ይጋሩት የሚለውም ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ማን ቀድሞ ይተኩሳል የሚለውን ጠብ ይወስናል።

ስለ ቀብድ ሕጉን ማወቅዎ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። “ካልተስማሙ በቀር” የምትለው ቃል ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፤ ድርጅቶች በሚያቀርቡት የታተመ ውል ውስጥ “ቀብድ በምንም ምክንያት አይመለስም” የሚል መስመር ስለማይጠፋ፣ ከመፈረም በፊት ይህ መስመር እንዲሰረዝ ወይም መንገድ ቢዘጋና ፈቃዱ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን እንዲጨመርበት ይጠይቁ። ውሉ በሌላ አገር ሕግ ይተዳደራል የሚል ከሆነ ግን ይህ አንቀጽ አይረዳዎትም።

ለእንግዶችዎም በትሕትና የሚነግሯቸው ነገር አለ። እኔ ከሰማኋቸው ቅሬታዎች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከራሱ ከደንበኛው ጠብመንጃ ነው። በአውሮፕላን ጭነት ሲንገላታ የመጣ መሣሪያ አነጣጠሩ ሊዛባ ስለሚችል፣ ካምፕ በደረሱበት ቀን ወረቀት ላይ ሦስት ጥይት ሳይተኩሱ ወደ ጫካ መግባት የለባቸውም። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ ዳገት ወጥቶ ትንፋሹ ያልተመለሰ ሰውም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ባለሙያ አዳኙ “ቆይ” ሲል መታገሥ የእንግዳው ግዴታ ነው። የመሣሪያው ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድም ከጉዞው አስቀድሞ ማለቅ አለበት።

ጥያቄ፦ በአንድ የአደን ካምፕ ምግብ አብሳይ ሆኜ እሠራለሁ። ደንበኞች ሲሄዱ ለሁላችንም የሚሆን ጉርሻ በፖስታ አድርገው ለካምፑ ኃላፊ ይሰጣሉ፤ ለእኛ የሚደርሰን ግን ምን ያህል እንደሆነ ሳናውቅ የሚሰጠን ነው። ለደንበኛው ብናገር ነውር ይሆንብኛል? (መናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ደንበኛው በመሄጃው ቀን ሲጠይቅዎ መናገር ነውር አይደለም፤ ሳይጠየቁ ማንሣት ግን ሥራዎን ሊያሳጣዎ ይችላልና ጥንቃቄ ያድርጉ። የተሻለው መንገድ፣ ድርጅቱ ለደንበኞች አስቀድሞ በሚልከው ወረቀት ላይ የአብሳዩን፣ የዱካ ፈላጊውን፣ የቆዳ ገፋፊውንና የሾፌሩን ድርሻ ለየብቻ እንዲጠቁምና ደንበኛው በየእጃቸው እንዲሰጥ ሠራተኞች በአንድነት መጠየቃችሁ ነው። ይህንን አምድ የሚያነብ አስጎብኚ ካለም፣ ጉርሻውን በእጁ የሰጠ ደንበኛ በልቡ ደስ ብሎት እንደሚሄድ ይወቅልኝ።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ በእንግዳ መቀበያ ሥራ ላይ ያለሁ ነኝ። ሁለት ጊዜ ያስተናገድኳቸው አዛውንት ደንበኛ ከስምንት ወር በኋላ ደውለው፣ ያደኑት የምኒልክ ድኩላ ቆዳ ደርሷቸው ሲፈታ ጆሮውና አፍንጫው አካባቢ ፀጉሩ እንደ ረገፈ በሐዘን ነገሩኝ። አስጎብኚው “ከእኔ እጅ ሲወጣ ደኅና ነበር” ይላቸዋል። ማን ነው ጥፋተኛው? (ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እህቴ፣ የገለጹልን ቦታ ራሱ መልሱን ይጠቁማል። ቆዳ በመንገድ ላይ ረጥቦ ቢበላሽ ኖሮ ጉዳቱ ርጥበቱ በደረሰበት ቦታ ሁሉ፣ ጀርባውም ላይ ይታይ ነበር፤ በጆሮ፣ በከንፈርና በአፍንጫ ብቻ የሚጀምር የፀጉር መርገፍ ግን ብዙውን ጊዜ እንስሳው በወደቀ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተሠራ ግድፈት የሚመጣ ነው። ቆዳ ገፋፊው ጆሮውን እንደ ካልሲ እስከ ጫፉ ገልብጦ፣ ከንፈሩንና አፍንጫውን ከውስጥ ሰንጥቆ፣ ሥጋውን ጠርቦ ካላወጣ በቀር ጨው ወደዚያ አይደርስም፤ ጨው ያልደረሰበት ቦታ ላይ ባክቴሪያ የፀጉሩን ሥር ይበላዋል፤ ጉዳቱም ያን ዕለት አይታይም፣ የሚታየው ቆዳው በአልፊው (በቆዳ አለስላሹ) ዘንድ ሲነከር ነው። ስለዚህ አስጎብኚው “ደኅና ነበር” ሲል ላይዋሽ ይችላል፤ ለዓይን ደኅና ነበርና።

አንድ ወቅት ከነበርኩበት ካምፕ ጨው አልቆ፣ ኃላፊው “ጠዋት ከሻሸመኔ ይመጣል” ብሎ ቆዳውን ጠቅልሎ አሳደረው። ጠዋት ስንፈታው ውስጡ ገና ሞቅ ያለ ነበር። ትኩስ ቆዳ መጠቅለል የለበትም፤ ተዘርግቶ መቀዝቀዝ፣ ደቃቅ ጨው በልግስና መታሸት፣ በማግስቱ ውኃው ተንጠፍጥፎ እንደገና ጨው መጨመር፣ ከዚያም በጥላ መድረቅ ነው ያለበት። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቆዳ ይገረጥፍና በኋላ ውኃ አይቀበልም። ያን ቀን ለደንበኛው ማንም ምንም አልነገረውም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ለደንበኛዎ የምመክረው፣ ቆዳውን ያየው አልፊ ፀጉሩ የረገፈበትን ቦታና ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጣቸውና ያንን ለአስጎብኚው እንዲልኩ ነው፤ ብዙ ውሎች የአስጎብኚውን ኃላፊነት ቆዳውን ለላኪው እስካስረከበበት ድረስ ስለሚገድቡ፣ ግድፈቱ ካምፕ ውስጥ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ዋጋ አለው። ሌሎች እንግዶችዎ ሲጠይቁዎ ደግሞ፣ ቆዳው ሲታሸግ ጆሮው ተገልብጦ ፎቶ እንዲነሣ አስቀድመው እንዲያዝዙ ይንገሯቸው። ከአገር መውጫ ፈቃድና የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ለማንኛውም ግዳይ ያስፈልጋል። ነብር ከሆነ ግን፣ ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል በሆነችበት፣ የመጥፋት አደጋ ያለባቸውን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው፣ ሳይተስ በሚባለው ስምምነት የመጀመሪያ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስለሆነ፣ ተቀባዩ አገር የማስገቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ካልሰጠ ቆዳው ከአዲስ አበባ ንቅንቅ አይልም።